የእመቤቲቱ ፊርማ፦ ዝም ስላሉ ነጮች የሚጻፉ ልቦለዶች በአማርኛ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልን። ስለ ደቡብ አፍሪካ ወይም ስለ አሜሪካ ዘረኝነት የተጻፈ ልቦለድ በጋዜጦቻችን የሥነ ጽሑፍ ገጽ ሲተዋወቅ አቀራረቡ ብዙም አይለወጥም። ጨካኝ ነጭ አለ፣ የተበደለ ጥቁር አለ፣ ፍትሕ ወይ ይመጣል ወይ ይቀራል። ከነዚህ መጻሕፍት የተሻሉት ግን ስለ ጨካኙ የተጻፉ አይደሉም። ሌሊት ጩኸት ሰምቶ መጋረጃውን ስላስተካከለ፣ ጠዋት ደግሞ ቡናውን ላቀረበችለት ሴት «ደኅና አደርሽ?» ስላለ ሰው የተጻፉ ናቸው። ይህ ሰው ወደ አማርኛ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ይበላሻል። መጀመሪያ ጸሐፊው ዝምታን እንደ ባዶ ቦታ ስለሚያየው፤ ቀጥሎ ደግሞ አማርኛችን ራሱ በጨዋነቱ ነገሩን ስለሚያለሰልሰው። ልቦለድ በመተርጎምና በማረም ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደመሆናችን ሁለቱንም በዝርዝር ማስቀመጥ ፈለግን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባዶ ቦታ ስንል እንዲህ ነው። ገጸ ባሕርይዋ በደል አየች፣ አልተናገረችም፣ ምዕራፉ አለቀ። አንባቢው የሚጨብጠው ነገር የለውም። አለመናገር በገጽ ላይ አይታይም፤ የሚታየው እጅ የሚሠራው ነው። ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ዓይነት ልቦለድ የምትመቸውም ከ1948 በኋላ የወጡት የአፓርታይድ ሕጎች ለየነጩ ቤት የእጅ ሥራ ስላከፋፈሉ ነው።

ዋናው ሥራ ፊርማ ነበር። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ጥቁር ሁሉ የይለፍ ደብተር መያዝ ነበረበት። ሴቶቹ በኦገስት 1956 ወደ 20 ሺህ ሆነው ፕሪቶሪያ ድረስ ሄደው ቢቃወሙም በ1963 ግዴታው በእነሱም ላይ ጸና። ተሸካሚዎቹ ደብተሩን በምሬት «ዶምፓስ»፣ የደደብ ይለፍ እንደማለት፣ ይሉት ነበር። በውስጡ የአሠሪው ስምና ፊርማ የሚሰፍርበት ገጽ አለ፤ ፊርማው በየወሩ ይታደሳል። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲጠይቅ ደብተሩ በእጅ ከሌለ ወይም የወሩ ፊርማ ከጎደለ መዳረሻው እስር ቤት ነው።

እንግዲህ የወር መጨረሻ ነው እንበል። እመቤቲቱ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የሥጋ ቤቱን ሒሳብ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀትና የጥቁር ሠራተኛዋን የይለፍ ደብተር በአንድ እስክሪብቶ ትፈርማለች። ነጭ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ሜሪ፣ ጂም፣ ጆን እያሉ ለአፋቸው በቀለለ ስም ይጠሩ ነበር፤ ትክክለኛ ስሟን የማያውቅም ሞልቶ ነበር። ደብተሩ ላይ ግን ሙሉ ስሟ ከነፎቶግራፏ አለ። በዓመት 12 ጊዜ፣ በ9 ዓመት 108 ጊዜ፣ ያ ስም ባለበት ደብተር ላይ ፈርማ «ሜሪ፣ እንካሽ» ብላ መልሳለች። ይህችን ዝርዝር ያገኘ ጸሐፊ ስለ እመቤቲቱ ኅሊና ሦስት ገጽ ሐተታ አያስፈልገውም።

9 ዓመት ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማ ክልሎች ሕግ 10ኛ አንቀጽ አንድ ጥቁር ያለ ፈቃድ በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይከለክል ነበር። ከዚህ ነፃ የሚሆነው እዚያው ተወልዶ የኖረ፣ ወይም ለአንድ አሠሪ ሳያቋርጥ 10 ዓመት የሠራ፣ ወይም በሕጋዊ መንገድ 15 ዓመት ሳያቋርጥ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ሚስትና ልጆቻቸውም በዚያው ጥላ ሥር ይገባሉ። አንዲት ገጠር የተወለደች ሴት በ1963 ጆሐንስበርግ ገብታ በዚያው ዓመት ተቀጠረች። በ1972 አባወራው ለንደን ሥራ ያገኛል፣ ቤቱ ይሸጣል። እመቤቲቱ ታለቅሳለች። የሱፍ ካፖርቷንና የግድግዳ ሰዓቱን ትሰጣታለች፣ የሁለት ወር ደመወዝ በፖስታ ታሽግላታለች፣ ደብተሩ ላይ መልቀቂያውን ትፈርማለች። ለ10 ዓመቱ አንድ ጎድሏል፣ ለ15ቱ ስድስት። በዚያች ፊርማ የሴትየዋ የከተማ ኑሮ አበቃ። ማንም ማንንም አልሰደበም።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ጸሐፊ ይስታል። አንዱ እመቤቲቱ ሕጉን አታውቀውም ይላል፤ ያኔ ነገሩ ድንገተኛ አደጋ ይሆንና ተጠያቂ ያጣል። ሌላው ሆን ብላ ቀን ቆጥራ ጎዳቻት ይላል፤ ያኔ አንባቢው ክፉዋን ሴት ጠልቶ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ በሰላም ይተኛል። የሚሠራው ታውቅ ነበር፣ ግን አላሰላችውም የሚለው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጎረቤት ሻይ ላይ «አሥረኛው ዓመት ከሞላ በኋላ እኮ ልትመልሻት አትችዪም» ስትል እሷም ስኳር እያማሰለች ነበር። ያቺ ንግግር ምዕራፍ 3 ላይ ከሌላ ወሬ መሀል ተሸጉጣ ትቀመጥ። ፊርማው ምዕራፍ 14 ላይ ሲመጣ ጸሐፊው ምንም አያስታውስ፤ አንባቢው ራሱ ወደ ኋላ ይገልጣል። ቀኖቹ ከተዛነፉ ግን ሁሉም ይፈርሳል። ሴትየዋ በ1956 ገብታ ቢሆን በ1972 15 ዓመቱን አልፋዋለች፣ የመቆየት መብት አላት፣ ልቅሶውም ካፖርቱም ትርጉም ያጣሉ። ታሪኩን ከ1986 በኋላ የሚያስቀምጥም ይለፉ በዚያው ዓመት መሻሩን ይወቅ።

ቤቱንም ማወቅ ያሻል። የሠራተኛዋ ክፍል ከጋራዡ ጀርባ ነው፣ በሩ ለብቻ ነው። የምትበላበት የብረት ሳህንና የምትጠጣበት ኩባያ ከቤቱ ዕቃ ተለይተው ይቀመጣሉ። ባሏ እዚያ ክፍል ማደር አይፈቀድለትም፣ ስለዚህ ፖሊስ ጎህ ሳይቀድ በጓሮ በኩል ይመጣል። የባትሪ ብርሃን በመኝታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያልፋል። ነጮቹ ባልና ሚስት ሁለቱም ነቅተዋል፣ ሁለቱም የተኙ ይመስላሉ፣ አንዱም የሌላውን መንቃት ያውቃል። ብዙ ጸሐፊዎች ዝምታን የአንድ ሰው የውስጥ ሕመም አድርገው ስለሚጽፉት ነው ይህን ያነሣነው። ዝምታ ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ «አንተም ሰምተሃል» የማይባባሉ ሁለት ሰዎች። ትዕይንቱን ለብቻዋ በተኛች ሴት ላይ ብትጽፉት ግማሹ ይሞታል።

ቀጥሎ ዋጋው ነው። የመናገርን ዋጋ ያላስቀመጠ ልቦለድ የዝምታን ትርፍ ማሳየት አይችልም። ትልቁ ዋጋ በታሪክ ተመዝግቧል። ብራም ፊሸር አፍሪካነር ከሚባሉት፣ በአብዛኛው ከደች ሰፋሪዎች ከወረዱት ነጮች፣ ከታወቀ ቤተሰብ የተወለደ ጠበቃ ነበር፤ በ1963 እና በ1964 በሪቮንያ ችሎት ለኔልሰን ማንዴላና ለጓዶቹ ተሟገተ፣ በ1966 ራሱ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በ1975 ሲሞት መንግሥት አመዱን እንኳ ለቤተሰቡ አልተወም። ቄስ ቤየርስ ናውዴ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ከወረደ በኋላ ከ1977 እስከ 1984 «እገዳ» ተጣለበት። እገዳ ማለት ከተወሰነ ወረዳ አለመውጣት፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ አለማነጋገር፣ ቃልህ በጋዜጣ እንዳይጠቀስ መከልከል ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዋጋ ልቦለዱ ውስጥ በብዛት መደርደር ግን ወጥመድ አለው። ዋጋው እስር ቤት ብቻ ከሆነ አንባቢው «እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» ብሎ እመቤቲቱን ይምራታል። አብዛኛው ነጭ ግን እስር ቤት ደጃፍ ደርሶ አይደለም የተመለሰው። የፈራው የእሑድ ምሳን፣ የአማቱን ፊት፣ ከቴኒስ ክለቡ መቅረትን፣ በቤተ ክርስቲያን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ማጣትን ነበር። የጥሩ ጸሐፊ ሚዛን የሚታወቀው እነዚህን ትንንሽ ዋጋዎች በመተመኑ ነው። ገጸ ባሕርይው አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቃል ይናገር፤ በሚቀጥለው እሑድ የምሳ ጥሪው ይቅር። ማንም ምክንያቱን አይንገረው። ከዚያ በኋላ ዝም ሲል አንባቢው ስንት እንደተከፈለው በትክክል ያውቃል።

በአፍሪካንስ፣ በአፍሪካነሮች ቋንቋ፣ የሚጽፉት ደራሲዎች ራሳቸው ይህን ሚዛን በሥጋቸው አይተውታል። እስከ 1974 ድረስ ሳንሱሩ በአፍሪካንስ የተጻፈ ልቦለድ አግዶ አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት የአንድሬ ብሪንክ ልቦለድ ታገደ፣ እሱም ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ከአገር ውጭ አሳተመው። በ1979 ስለ አንድ ዝም ብሎ ይኖር ስለነበረ ነጭ መምህር የጻፈውን ሌላ ልቦለድ አንድ ትንሽ አሳታሚ ሳንሱሩ ሳይደርስበት ቀድሞ በፖስታ ለደንበኞች አደረሰው። በነዚህ ዓመታት አንባቢው ራሱ የፖስታ ጥቅል ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ ከሌላ መጽሐፍ ጀርባ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ልቦለዱ ስለ እሱ ነው፣ እሱም ያውቃል።

አሜሪካን አጭር አድርገን እንለፋት፤ አንድ ነገር ግን ከዚያ መዋስ ግድ ነው። በኤፕሪል 1963 በአላባማ ግዛት በርሚንግሃም ከተማ ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች በጋዜጣ መግለጫ አወጡ፤ የጥቁሮቹ የመብት ሰልፍ ጊዜውን ያልጠበቀ ነው፣ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ይታይ፣ ሕዝቡ ይታገሥ የሚል። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከእስር ቤት ደብዳቤውን የጻፈው ለእነሱ ነው። ስምንቱ ዘረኞች ሆነው አልቀረቡም፤ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል የአላባማን አገረ ገዥ የመለያየት ፖሊሲ ነቅፈዋል። ዝምታ ማለት አፍን መዝጋት የሚመስለው ጸሐፊ ይህን መግለጫ ደጋግሞ ቢያነብ ይጠቅመዋል። ዝምታ ብዙ ያወራል። ትሑት ነው፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ረጅም ናቸው፣ «ይሁን እንጂ» ይበዛበታል። ስለዚህ ዝም የሚለው ገጸ ባሕርይ ጭራሽ ቃል የማይወጣው ሆኖ ከተጻፈ ስሕተት ነው። ብዙ ያውራ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጊዜው አለመድረስ፣ ሁለቱም ወገን ስላጠፋው ጥፋት።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። ከግሥ እንጀምር። አሕመድ ቲሞል የተባለ መምህር በኦክቶበር 27 ቀን 1971 ጆሐንስበርግ ውስጥ ጆን ቮርስተር አደባባይ በሚባለው ፖሊስ ጣቢያ ከ10ኛ ፎቅ ወደቀ ተባለ። በ1972 የተደረገው ምርመራ ራሱን አጠፋ፣ ተጠያቂ የለም አለ። በ2017 እንደገና የተከፈተው ምርመራ ተገድሏል ብሎ ወሰነ። በ2018 የተከሰሰው የቀድሞ ፖሊስ ጉዳዩ ሳይሰማ በ2021 ሞተ። ወደቀ፣ ተጣለ፣ ጣሉት። ከመጀመሪያው ግሥ ወደ ሁለተኛው ለመድረስ 45 ዓመት ፈጀ፤ ሦስተኛው ላይ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ቀረ። የነጮቹ የእራት ጠረጴዛ ቋንቋ ሁልጊዜ የመጀመሪያው ግሥ ነው። «ወደቀ አሉ።» «ሞቶ ተገኘ።» «መታጠቢያ ቤት ተንሸራቶ ነው።» ስቲቭ ቢኮ በሴፕቴምበር 1977 በፖሊስ እጅ ተደብድቦ ሲሞት የፖሊስ ሚኒስትሩ በፓርቲው ስብሰባ ፊት ሞቱ ምንም እንደማይሰማው ተናገረ፤ ያ የጨካኙ ቋንቋ ነው፣ ለመተርጎም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በማግስቱ ጋዜጣውን አጥፎ «ያሳዝናል፣ ወጣት ነበር» የሚለው ሰው ነው።

አማርኛ ተርጓሚ እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት ይሠራል። እውነቱን ስለሚያውቅና ስለሚቆረቁረው «ሞቶ ተገኘ»ን «ገደሉት» ብሎ ያስተካክላል፤ ያኔ ተናጋሪው ነጭ ደፋር ሰው ይሆናል። ወይም ለሟች ክብር ብሎ «ሕይወቱ አለፈ»፣ «ዐረፈ» ይላል፤ ያኔ ፖሊስ ጣቢያው ሆስፒታል ይሆናል። ሁለቱም አይሁን። ነጩ ሲያወራ አድራጊ የሌለው ግሥ ይቆይ፤ «ሞተ»፣ «ተገኘ»፣ «ተባለ»። አድራጊው በስም የሚወጣባት አንዲት ቦታ ልቦለዱ ውስጥ ትኖራለች፤ ብዙውን ጊዜ ከእናቲቱ አፍ ነው የምትወጣው። እስከዚያ ድረስ «ገደሉት» የሚለው ቃል በትርጉሙ ውስጥ አንድም ቦታ አይታይ። ረቂቁ ሲያልቅ ቃሉን በኮምፒዩተር መፈለግ ይቻላል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ነው።

ከግሡ የባሰው መጠሪያው ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «አንተ» ስላለው በነጭ ልጅና በጥቁር ሽማግሌ መካከል ያለው ነገር በቃሉ ላይ አይታይም። አማርኛ ግን ያስመርጣል፤ አንተ ወይስ እርስዎ? የ7 ዓመት ነጭ ልጅ የ60 ዓመቱን አትክልተኛ «ጂም፣ ብስክሌቴን አምጣ» ሲል የኛ ተርጓሚ እጁ ይንቀጠቀጣል። ያደገበት ቤት እንዲህ አያደርግምና ልጁን ያሳድገዋል፦ «ጋሼ ጂም፣ ብስክሌቴን ያምጡልኝ» ይለዋል። ልቦለዱ በዚያች መስመር አበቃ። መጽሐፉ ሊያሳየን የፈለገው ልጁ ክፉ ሳይሆን፣ እናቱ ከጎኑ ቆማ ሰምታው፣ ለእንግዳ አጎቱ ግን «እባክህ በል» ብላ የምታስተምረው መሆኗን ነበር። ዝምታዋ ያለው ልጇን ባላረመችው ቦታ ላይ ነው። ተርጓሚው አረመላት።

ስለዚህ ልጁ «አንተ» ይበል፣ ስሙንም ያለ ጋሼ ይጥራ። ሽማግሌው ደግሞ ለልጁ አንቱታውን ይስጥ። በአፍሪካንስ ሠራተኞች ለነጭ ልጅ «ክላይንባስ» ይሉ ነበር፤ «ትንሹ ጌታ» ቁርጥ ትርጉሙ ነው። ጎልማሳውንም ፊት ለፊት «አንተ» ወይም «እርስዎ» ሳይሉ በሦስተኛ ሰው ያነጋግሩት ነበር፣ «ጌታው ሻይ ይፈልጋሉ?» እንደማለት። ይህ ለእንግሊዝኛ ተርጓሚ መከራ ነው፤ ለአማርኛ ግን የተሰፋ ልብስ ነው፣ እንዳለ ይገባል። «ትንሹ ጌታ ብስክሌታቸውን ይፈልጋሉ?» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከአንድ የ60 ዓመት ሰው አፍ ሲወጣ የአማርኛ አንባቢ ጆሮው ይቆማል። ከየትኛውም ሐተታ ይልቅ ያ መቆም ያስተምራል።

ያው ሽማግሌ ማታ ከነጮቹ ሰፈር ወጥቶ ወደ ወገኑ ሲገባ ዓለሙ ይገለበጣል። ዙሉዎች ትልቅ ሰውን «ባባ»፣ ሶቶዎች «ንታቴ» ይላሉ። እዚህ ላይ አማርኛው ያለውን ክብር ሁሉ ያውጣ፤ «አባባ»፣ «እርስዎ»፣ «ይቀመጡ»። ቀን «ጂም» የነበረ ሰው ማታ «አባባ» ሲሆን አንባቢው ቀን ምን እንደተወሰደበት ራሱ ይሰማል። ተርጓሚው ቀንም ማታም አንድ ዓይነት ጨዋ አማርኛ ከተጠቀመ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

«ማዳም» የሚለውን «እትዬ» ማድረግ የብዙዎች ምርጫ ነው። ከባድ ምርጫ ነው፣ እኛም መሀል አልተስማማንበትም። «እትዬ» የዝምድና ሽታ አለው፣ ቤቱን የአዲስ አበባ ቤት ያስመስለዋል፤ ያ ሽታ ደግሞ የይለፍ ደብተሩን ይሸፍናል። በሌላ በኩል ግን የአማርኛ አንባቢ እነዚህን ልቦለዶች ሲከፍት ቦታውን ከተበዳዩ ጎን አድርጎ ነው የሚመጣው። ምክንያትም አለው፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ሔግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰዋል፣ በ1966 ዳኞቹ 7 ለ7 ተከፍለው በሰብሳቢው ድምፅ ክሱ ወደቀ፤ ማንዴላም በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። እንዲህ ያለ አንባቢ በእመቤቲቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። «እትዬ» የምትለው ቃል ለአንድ አፍታ ታስቀምጠዋለች፤ የጋራዡ ጀርባ ክፍልም ሰርቪስ ቤት ይሆንበታል። ከመካከላችን ገሚሱ ለዚህ ብሎ «እትዬ»ን ይመርጣል፣ ገሚሱ «እመቤቴ» ብሎ ርቀቱን ይጠብቃል። ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ ማቀላቀል ግን ያበላሻል።

ለጎልማሳ ወንድ «ቦይ» ሲባል «ልጅ» ብሎ መተርጎም አይሠራም። «አንተ ልጅ» በእኛ ቋንቋ ቁጣም ፍቅርም ይይዛል፣ ስድብነቱ ይቀልጣል። «አሽከር» ይቀርበዋል፤ «ቦይ» ብሎ መተውም ይቻላል፣ የውኃ ቦይ እንዳይመስል ብቻ አረፍተ ነገሩ ይጠብቀው። ከሁሉ አስቸጋሪው «ካፊር» የሚለው ስድብ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለጥቁር ሰው የሚወረወር እጅግ አስጸያፊ ቃል ነው። «ጥቁር» ብሎ መተርጎም ስድቡን ያጠፋል። «ባሪያ» ማለት ደግሞ የራሳችንን ሌላ ታሪክ ይጎትታል፣ ለአንዳንድ አንባቢ ከታሪኩ ውጭ ቁስል ይነካል፣ ለአንዳንዱም ነገሩን ደቡብ አፍሪካ ሳይሆን ወለጋ ያደርሰዋል። እንዳለ «ካፊር» ብንለው ሦስተኛ ችግር ይመጣል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ስለሆነ አንባቢያችን «ከሃዲ» ብሎ የሃይማኖት ስድብ ያደርገዋል። የሚያዋጣው ቃሉን ማስቀመጥና በመጀመሪያ በሚመጣበት ትዕይንት የሌሎች ሰዎች ፊት እንዲፈታው ማድረግ ነው፤ የሠራተኛው እጅ ሲቆም፣ የእንግዳው ዓይን ወደ ሳህኑ ሲወርድ። ለተርጓሚ እንዲህ ያለ ትዕይንት መጨመር አይፈቀድለትም፤ ዋናው መጽሐፍ ውስጥ ካለ ግን ያንን አንቀጽ እንደ ወርቅ ይያዘው። ከሌለ በመጽሐፉ መግቢያ ሁለት መስመር ይጻፍ፤ ግርጌ ማስታወሻ አንባቢውን ከጠረጴዛው ያስነሣዋል።

ስለ ጥቁሮቹ ገጸ ባሕርያት ጥቂት ነገር። በዚህ ዓይነት ልቦለድ ውስጥ ጥቁሩ ሰው የነጩ ኅሊና መፈተኛ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፤ ይታሰራል፣ ይሞታል፣ ነጩም ይለወጣል። በቀላል መንገድ ይለካል። ሁለት ጥቁሮች ብቻቸውን ሆነው ስለ ነጮች ያልሆነ ነገር የሚያወሩባቸውን ትዕይንቶች ቁጠሩ፤ ስለ ዕድር፣ ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጥርስ ሕመም። ዜሮ ከሆነ መጽሐፉ ስለ ዝምታ ሊጻፍ ተነሥቶ ራሱ ዝም ብሏል። ተራኪዋ ነጭ ከሆነችና እዚያ ክፍል መግባት ካልቻለች ቀዳዳው ይታይ። ሠራተኛዋ በስልክ በዙሉ ስታወራ ተራኪዋ ከ20 ዓመት በኋላም አንዲት ቃል አትረዳም። ያ ዙሉ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ሳይተረጎም ይቀመጥ። «አልገባንም» የሚል አንባቢ ካለ ሊሰማው የሚገባው እሱ ነው።

ሌላው የተለመደ ውድቀት ኑዛዜው ነው። እመቤቲቱ በመጨረሻው ምዕራፍ አልቅሳ «ማወቅ ነበረብኝ» ትላለች፣ ሠራተኛዋም ትይዛታለች። ዕዳው ተከፍሎ አለቀ። ሠራተኛዋ አጽናኝ ሆና ሌላ ሥራ ተጨመረባት ማለት ነው፤ ለዚህኛው ደመወዝ የለውም። ኑዛዜ የግድ ከመጣ ከመጽሐፉ ሦስት ሩብ በፊት ይምጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሩብ ምን እንዳልተለወጠ ያሳይ፤ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ደብተሩ ያው ጠረጴዛ ላይ አለ።

በአማርኛ በቀጥታ ለሚጽፍ ሰው ከደቡብ አፍሪካ ይልቅ ለእኛ የሚቀርብ ጉዳይም አለ። በጃንዋሪ 1996 እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም በበሽታ ፍርሃት ለእነሱ ሳይነገር ይደፋ እንደነበር በጋዜጣ ወጣ፣ በወሩ መጨረሻም በሺዎች የሚቆጠሩ ኢየሩሳሌም ላይ ሰልፍ ወጡ። በአማርኛ የተጻፈ ልቦለድ ይህን ቢያነሣ ዓይኑ ሰልፉ ላይ ያርፋል ብለን እንሠጋለን። የሚጻፈው ግን የነርሷ እጅ ነው። ስም ትመዘግባለች፣ ክንዱን በአልኮል ትጠርጋለች፣ መርፌውን ታስገባለች፤ አንድ ከረጢት ወደ 450 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ከረጢቱ ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። ጭማቂና ብስኩት ትሰጠዋለች፣ «አመሰግናለሁ» ትለዋለች፣ የምሯንም ነው። የት እንደሚሄድ ታውቃለች ወይስ አታውቅም የሚለውን ጸሐፊው ቀድሞ ይወስን፤ የምታውቅ ከሆነ ከረጢቱን የምታስቀምጥበት መደርደሪያ የተለየ ይሁን፣ ለምን እንደተለየ ግን ማንም በገጹ ላይ አይጠይቃት።

ለዝግጅት ክፍላችሁ ያለን ጥያቄ አንድ ነው። እንዲህ ያለ ትርጉም በተከታታይ ስታወጡ ጽሑፉ በአራሚዎቻችሁ እጅ ያልፋል፣ እነሱም ለአማርኛ ጨዋነት ዘብ የቆሙ ሰዎች ናቸው። የ7 ዓመቱ ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ያለበት መስመር ላይ ቀይ እስክሪብቶው ሲነሣ፣ ስሕተት አይደለምና እንዲያልፉት አስቀድማችሁ ንገሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በልቦለድ ትርጉምና እርማት ሥራ ላይ ያለን፣ አዲስ አበባ